ጠዋት ያልጸና ቃል

ከጅጅጋ እስከ ቶጎጫሌ ባለው አገር እንደኔ ያለ ባለ ክለብ አልነበረም። ደመወዝ የሚከፈላቸው ተጫዋቾች፣ ፊሽካ ከአንገቱ የማይለየው አሰልጣኝ፣ ስሜ ሲጠራ ከወንበሩ ብድግ የሚል ወጌሻ ነበረኝ። ሜዳ ስገባ ሕዝቡ ሁሉ ይነሳ ነበር። የሚነሳው ከኋላዬ ለሚገቡት አዛውንት መሆኑ የገባኝ ቆይቶ ነው። የክለቡ ባለቤቶች አራት ነበርን፤ ክለቡ እንደ በሬ ታርዶ ቅርጫ ቢገባ ለኔ የሚደርሰኝ ጅራቱና ምናልባት አንድ ሰኮና ነው።

ጅጅጋ የገባሁት ደርግ በወደቀ ሰሞን፣ ከመሀል አገር የመኪና መለዋወጫ ይዤ ልሸጥና ልመለስ ነበር። ነፋሱ በመጀመሪያው ቀን ባርኔጣዬን ወስዶ ሶማሌላንድ አደረሰው፤ ባርኔጣዬን ስጠብቅ ፀጉሬ ሸበተ። ሱቅ ከፈትኩ፤ ሱቄ ደግሞ ሹፌር የሚሰበሰብበት ስለሆነ የማልሰማው ወሬ አልነበረም።

ዋናው ባለ ክለብ አዛውንቱ ነበሩ። ከተማው በሙሉ «አዴር» ይላቸዋል፤ በሶማልኛ አጎት ማለት ነው። ቀብሪበያ የከብት ገበያ ውስጥ ያደጉ፣ ኋላ የጭነት መኪኖችና ሦስት የውሃ ቦቴዎች ያፈሩ ሰው ናቸው። ሁለተኛዋ ከቶጎጫሌ ጨርቅና የዱቄት ወተት እያስመጣች በጅምላ የምታከፋፍል ነጋዴ ነበረች፤ ግመል ቢያያት መንገድ ይለቅላታል። ሦስተኛው እንደኔ ከመሀል አገር የመጣ ፋርማሲስት ነው፤ ለሰው የሚሸጠውን የራስ ምታት ኪኒን ግማሹን ራሱ ይውጠዋል። አራተኛው እኔ ነኝ። የከተማው ቡድን ለውጪ ጨዋታ መሄጃ አጥቶ ሊፈርስ ሲል አዴር መኪና ሰጡ፣ ነጋዴዋ ማሊያ አለበሰች፣ ፋርማሲስቱ ፋሻና አልኮል አመጣ፣ እኔ ድምፅ አዋጣሁ። ማይክ ይዤ የጎል አግቢውን ስም በሶማልኛና በአማርኛ የምለፈልፈው እኔ ነበርኩ። ጎል ካልተቆጠረባቸው ጨዋታዎች ሳይቀር ሰው እየሳቀ እንዲወጣ አደርግ ነበር።

ስብሰባችን ከሰዓት በኋላ በአዴር ቤት በርጫ ላይ ነው። ጫቱ ሲመጣ እንደገፋለን፣ እንቅማለን፣ ምርቃናው ሲመጣ ደግሞ ዓለም ይጠበናል። አንድ ቀን ዋቢ ሸበሌን ጠልፈን ሜዳውን ሣር ልናለብስ ወስነናል። አንድ ቀን ደግሞ ባቡሩን ከአፍደም ገንጥለን ጅጅጋ ልናስገባ፣ ተጫዋቾቹ በባቡር እንዲሄዱ ተስማማን፤ ፋርማሲስቱ የጣቢያውን ቦታ ሳይቀር በእግሩ ለክቶ ነበር።

ነጋዴዋ አትቅምም። በሩ አጠገብ ወንበር ላይ ተቀምጣ ሻይዋን እየጠጣች ታየናለች። ሕጉን ያወጣችው እሷ ነች።

«ቅጠል በአፋችሁ ይዛችሁ ያላችሁትን ጠዋት ሱቄ መጥታችሁ ድገሙልኝ» አለችን። «ስትደግሙት ካላፈራችሁ እሠራዋለሁ። ጠዋት ያልመጣ ሰው ነገሩን ትቶታል ማለት ነው።»

እንዲህ ሆነ። ጠዋት ጠዋት ሱቋ በር ላይ፣ የጨርቅ ጥቅል ላይ ተቀምጠን፣ አንድ ብርጭቆ የወተት ሻይ ይዘን የትናንቱን እንደግማለን። ዋቢ ሸበሌ ጠዋት ላይ በጣም ሩቅ ነበር። ባቡሩም እንደዚያው። ግን የማያሳፍሩ ነገሮች ይተርፉ ነበር፤ የሴቶች ትምህርት ቤቱ ሽንት ቤት፣ የአምቡላንሱ ጎማ፣ ቀብሪበያ አጠገብ ካለው የስደተኞች መጠለያ ቡድን ጋር የሚደረግ ጨዋታ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ውሃው። ዝናብ በቀረ ጊዜ የአዴር ቦቴዎች ወደ ደረቁት መንደሮች እየሄዱ ብርካ የሚሉትን የሲሚንቶ ጉድጓድ ይሞላሉ። ቦቴዎቹ ላይ የክለቡን ቀለም ቀብተን ነበር። ሕፃናቱ ቦቴ ሲያዩ «ጎል» እያሉ ይሮጡ ነበር፤ ውሃ ሌላ ስም ያለው አይመስላቸውም።

ከተማው የነጋዴዋን ሕግ አወቀ። ሰው በርጫ ላይ ቃል ሲገባ «ጠዋት ነው ወይስ ከሰዓት?» ይባባል ጀመር። ከሰዓት የተሰጠች ፍየል ጠዋት ላይ ጌታዋ ቤት ስትገኝ የሚቀየም አልነበረም።

ከዚያ ያ የፍርሃት ጊዜ መጣ።

አንድ ቀን ሚኒባስ ውስጥ ሰው ማውራት አቆመ። ቀደም ሲል ከጅጅጋ ቀብሪበያ እስክንደርስ የሦስት ቤተሰብ ምስጢር እሰማ ነበር፤ አሁን የሚሰማው የመስኮቱ መንቀጥቀጥ ብቻ ሆነ። በርጫ ስንገባ ስልካችንን ባልዲ ውስጥ ከትተን ብርድ ልብስ እናለብሰው ጀመር። ሜዳ ላይ መብራት ስለመጥፋቱ ጮክ ብሎ የተናገረ አንድ ባለ ዳቦ ቤት «ለአንድ ጥያቄ» ተፈልጎ ሄደ። ባጃጁ ዳቦ ቤቱ በር ላይ እንደቆመች ቀረች። መጀመሪያ አቧራ ለበሰች፣ ቀጥሎ አንዱ ጎማ ተነፈሰ፣ ቀጥሎ ሁሉም። ማንም አልነካትም። ሌባ እንኳን የሚፈራው ንብረት ያየሁት የዚያን ጊዜ ነው።

እኔ ግን ቀልዴን አላቆምኩም። ድምፁን ብቻ ቀነስኩት።

እንግዳው ሜዳ መምጣት የጀመረው በዚያው ሰሞን ነው። ከቢሮ ነው ይባላል፤ የትኛው ቢሮ እንደሆነ የሚጠይቅ የለም። የተተኮሰ ሸሚዝ ይለብሳል፣ ለሰላምታ እጁን ቀድሞ ይዘረጋል፣ እጁም ሁልጊዜ ቀዝቃዛ ነው። አንድ እሁድ የአዴር ወንበር ላይ ተቀምጦ አገኘነው። አዴር ከኔ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። በሚቀጥለው እሁድ ሰው ሲነሳ ለአዴር ይሁን ለወንበሩ ግራ ገብቶት ግማሽ ተነሥቶ ግማሽ ተቀመጠ።

አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ እንግዳው ሳይጠራ በርጫ መጣ። የሚያምር ጫት ይዞ ነው የመጣው፤ ቅጠሉ ገና እንደተቆረጠ ያብለጨልጫል። ተደገፈ፣ ለሁላችንም አከፋፈለ፣ ስለ ኳስ አወራ። ጥሩ ጨዋታ አዋቂ ነው፤ እኔ ራሴ ሁለት ቀልድ ሰርቄበታለሁ። ምርቃናው ፊታችን ላይ ሲወጣ ወደ አዴር ዞረ።

«ውሃ የወሰድክላቸው ሰዎች ዱዓ ያደርጋሉ አሉ» አለ።

«ሙስሊሞች ናቸው፤ ዱዓ ያደርጋሉ» አሉ አዴር።

«ስም ጠርተው ነው አሉ።»

«የማንን?»

«ያንተን።» ከቅጠሉ ላይ ቀንጠስ አደረገ። «ሌላ ስም አልጠሩም?»

አዴር «የነቢዩን ጠርተዋል» አሉ።

ፋርማሲስቱ ሳል ያዘው። እንግዳው ሳቀ፤ ረጅም ሳቅ ነበር፣ ዓይኑ ግን ከአዴር ላይ አልተነሳም። ከዚያ ሐሳቡን ተናገረ። እሁድ ጨዋታው ሳይጀመር አዴር ማይክ ይዘው ክለቡንና ቦቴዎቹን ለቢሮው እንዳስረከቡ ለሕዝቡ ይናገራሉ። ውሃውም ከዚህ በፊት የመጣው ከቢሮው እንደነበር ተናግረው ያመሰግናሉ። በቃ፤ ሌላ ነገር የለም።

አሁን ስለ ምርቃና ላላወቀ ሰው እንዴት ላስረዳ? በዚያ ሰዓት ሰው ደግ ነው፤ ከመጠን ያለፈ ደግ። አዴር እጃቸውን ዘርግተው «ውሰዱት» አሉ። «ክለቡም የሰው ነው፣ ውሃውም የአላህ ነው። የጭነት መኪኖቹንም ጨምሩበት።» ፋርማሲስቱ እንባ አቅርሮ ፋርማሲውን ከነፍሪጁ ሰጠ። እኔ ሱቄን፣ ሱቁ ያለበትን መንገድና፣ ገና የማላውቃትን ሁለተኛ ሚስቴን ሰጠሁ። እንግዳው ምንም አልጻፈም። ተነሥቶ ሁላችንንም በቀዝቃዛ እጁ ጨብጦ ወጣ።

ነጋዴዋ በር ላይ ነበረች። ሻይዋ ቀዝቅዟል።

«ጠዋት» አለች።

ጠዋት ሄድን። ጥቅሉ ላይ ተቀመጥን። ነፋሱ የሱቁን ቆርቆሮ ያንኳኳል።

«በሉ፣ ትናንት ምን ሰጣችሁ?» አለች።

«እኔ መንገዱን መልሼ ወስጃለሁ» አልኩ። «ሚስቲቱን ግን ካመጣችኋት እቀበላለሁ።»

የሳቀ የለም። አዴር ሻያቸውን እስከ ታች ጠጡና ብርጭቆውን አፉን ደፍተው አስቀመጡት።

«ክለቡን አልደግመውም» አሉ። «ቦቴውንም አልደግመውም። ነገ ወደ መንደር የሚሄድ ቦቴ አለ።»

«ሰውየውስ?» አለ ፋርማሲስቱ።

ነጋዴዋ መንገዱን ወደ ላይም ወደ ታችም አየች። «አልመጣም» አለች። «ካልመጣ ትቶታል።»

እስካሁን ሳስበው የሚገርመኝ እዚህ ላይ ነው። አራት ነጋዴዎች፤ አንድ ሳንቲም የማያልፋቸው፣ የኬላ ፈታሽ ልብ ከሩቅ የሚያነቡ ሰዎች፣ ያንን አመኑ። ሕጉ ለዓመታት ሠርቶልን ስለነበር የምድር ሁሉ ሕግ መስሎን ነበር። እንግዳው በከተማው ቅሟል፤ የከተማውን ደንብ ያውቃል አልን። ሄዶ የነገረው የለም። ዓርብና ቅዳሜ ሱቄን ከፍቼ ሸጥኩ፤ ፍሬን ሸራ የሚገዛ ሹፌር «እሁድ ትልቅ ነገር አለ አሉ» ሲለኝ የጨዋታውን መሰለኝ።

እሁድ ሜዳ ስንደርስ ሦስቱ ቦቴዎች ከጎሉ ኋላ ተሰልፈው ነበር። የክለቡ ቀለም ላይ የቢሮው ስም ያለበት አዲስ ጨርቅ ተለጥፎባቸዋል። መሪው ላይ የተቀመጡት የምናውቃቸው ሹፌሮች አልነበሩም፤ መነጽር ያደረጉ ወጣቶች ናቸው። የእኛ ሹፌሮች አጥሩ ሥር እግራቸውን አጣጥፈው ተቀምጠዋል፤ አንዳቸውም ቀና አላሉም። በሜዳው ዙሪያ ዩኒፎርም የለበሱ ባለ ጠመንጃ ልጆች ቆመዋል። ሕዝቡ ሞልቷል፣ ግን የተሞላ ሜዳ እንደዚያ ጸጥ ሲል ሰምቼ አላውቅም። የሞንታርቦው ጩኸት ብቻ ነበር።

እንግዳው ማይኩን ሰጠኝ። «በል፣ ጥራው» አለኝ።

አዴር ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። «ዋሪያ፣ አንተ ሰው፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«የሐሙሱ ነገር ነው።»

«ጠዋት ጥለነው የለ?»

«እኛ ነን የጣልነው፣ አዴር። እነሱ አልጣሉትም።»

ቦቴዎቹን አዩ። ዓይናቸው ከመጀመሪያው እስከ ሦስተኛው ሄዶ ተመለሰ። የዳቦ ቤቱ ባለቤት ወንድም ከፊት ረድፍ ተቀምጦ ነበር፤ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። የሚሆነውን ያላወቀ ሰው በሜዳው ውስጥ አልነበረም። እሺ ካሉ የደረቁ አገር ውሃ ይቀራል፤ እምቢ ካሉ እሳቸው ይቀራሉ። ድምፄን ዝቅ አድርጌ «እርስዎ ብቻ እሺ ይበሉ፣ ኋላ እናያለን» አልኳቸው። መስማታቸውን እንጃ። ማይኩን ከእጄ ወሰዱ።

በሶማልኛ ተናገሩ፤ አጭር ነበር። «ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ቅጠል ይዤ ቃል ሰጥቻለሁ። ዓርብ ጠዋት አልደገምኩትም። እናንተ ሕጉን ታውቃላችሁ። ቦቴዎቹ ነገም ወደ መንደር ይሄዳሉ፤ ከኔ ጋር ወይም ያለኔ።» ከዚያ ማይኩን መለሱልኝ፤ ልክ ሻይ ጠጥተው ብርጭቆ እንደሚመልሱ።

አንድም ሰው አላጨበጨበም። ዩኒፎርም ከለበሱት ሁለቱ ወደ እንግዳው አዩ። እንግዳው ቶሎ አልተንቀሳቀሰም። ሜዳው ውስጥ ሶማልኛ የማይሰሙ መምህራን፣ ወታደሮችና የመንግሥት ሠራተኞች ነበሩ፤ ሁልጊዜ በአማርኛ የምተረጉምላቸው እኔ ነኝ። እንግዳው ከኋላዬ መጣና ትንፋሹ አንገቴ ላይ እስኪሰማኝ ተጠጋ።

«‹አስረክበዋል› ብለህ ተርጉም» አለኝ። «ቀስ ብለህ። ጥርት አድርገህ።»

ማይኩን ወደ አፌ አመጣሁ። ከፊት ረድፍ የተቀመጡት ሰዎች አፌን ያያሉ። አዴር አያዩኝም ነበር፤ ቦቴዎቹን ነው የሚያዩት። አፌን ከፈትኩ፤ ቃል አልወጣም። ሞንታርቦው ትንፋሼን ብቻ ለከተማው አሰማ፤ ኸኸ፣ ኸኸ፣ እንደ አሮጌ መኪና።

የለበስኩት ስስ ካኪ ሱሪ ነበር፤ ቡና ቢፈስበት ከቀብሪበያ የሚታይ። እርጥበቱን መጀመሪያ ያየችው ከፊት የተቀመጠች ወተት ሻጭ ነች። ሻሿን አፏ ላይ አደረገች። አጠገቧ ያለችውን ነካች። ሳቁ ከዚያ ተነሥቶ በረድፉ ሄደ፣ ከረድፉ ወደ አጥሩ ወጣ፣ ከአጥሩ ወጥቶ መንገድ ላይ ያሉት ባጃጆች ጋ ደረሰ። ስንት ወር ያልተሳቀ ሳቅ ነበር። ዩኒፎርም የለበሱት ልጆች ከንፈራቸውን ነከሱ፣ አልቻሉም፣ ጠመንጃቸውን ተደግፈው ሳቁ። ከቦቴው መነጽር ያደረገ ሹፌር ወርዶ ሊያይ መጣ። እንግዳው ክንዴን ሊይዝ ሲል ወደ እግሬ አየና ጫማውን አራቀ። ሕዝቡ እየሳቀ ወደ ሜዳው ገባ፤ ሜዳው ተደበላለቀ።

ነጋዴዋ ያን ጊዜ ሳቅም አልሳቀች፣ እኔንም አላየችኝም። አዴርን በክንዳቸው ይዛ በተጫዋቾቹ በር ወጣች። ከበሩ ኋላ ጨርቅ አራግፎ ባዶውን ወደ ድንበር የሚመለስ የሷ መኪና ነበር። ሹፌሩን «ቶጎጫሌ። አትቁም» ብላዋለች፤ ይህን ኋላ የነገረኝ ሹፌሩ ነው። ፀሐይ ሳትጠልቅ አዴር ድንበሩን ተሻግረው ከሷ እህት ቤት ሻይ ቀረበላቸው። ቤታቸው የተከበበው እሳቸው ብርጭቆውን ሳያጋምሱ ነው።

እኔም «ለአንድ ጥያቄ» ተፈልጌ ነበር። ወንበር ላይ አስቀምጠው ሲያዩኝ ዋሉና አንደኛው «ይሄ ሽንታም ምን ያውቃል?» አለ። ለቀቁኝ፤ ሱቄ ደረስኩ። ፋርማሲስቱ በዚያው ሳምንት መድኃኒቱን ሸጦ አገሩ ገባ። የክለቡ ስም ተለወጠ፤ ተጫዋቾቹ አንድ በአንድ ወደ ሌላ ከተማ ሄዱ፤ ሜዳው ላይ ፍየል መጋጥ ጀመረች። ቦቴዎቹ ለጥቂት ጊዜ ጨርቁ በሚታይበት አስፋልት ላይ ብቻ ሲመላለሱ ከረሙ፣ ከዚያ አንዱ ቆመ፣ ከዚያ ሌላው። የደረቁ አገር ሰዎች ከብቶቻቸውን እየነዱ በከተማው ዳር ሲያልፉ አየሁ። ዓመት አለፈ፣ ሌላም ዓመት አለፈ፤ ስልካችን ባልዲ ውስጥ እንደነበረ ነው።

መንግሥት ተለወጠ ሲባል፣ በለውጡ ግርግር የተቃጠለው ከተማ ተጠርጎ ሰው መተያየት ሲጀምር፣ አዴር በቶጎጫሌ በኩል ተመለሱ። አንድ ዓይናቸው ሞራ ለብሷል። በነጋዴዋ ሱቅ በር ላይ፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ እጄን ይዘው አልለቅ አሉ።

«ይሄ ሰው» አሉ፣ «ጠመንጃ መሀል ቆሞ ክብሩን ለኔ ሰጠ። አስቦበት ነው። የሚያስቅ ነገር ካልመጣ እንደማልወጣ አውቆ፣ ያለውን አመጣ።»

ሰው አጨበጨበ። አንድ ባጃጅ ነጂ የዚያን ቀን ጫት ከፍሎልኛል። እስካሁንም በጅጅጋ ታሪኩ የሚነገረው እንደዚያ ነው፤ ቶጎጫሌ ሲደርስ ደግሞ ሽንቴን ለሦስት ቀን አጠራቅሜ እንደነበር ይጨመርበታል። አዴር ነፍሳቸው በሰላም ያረፈች ጊዜም ለቀስተኛው ይህንኑ ሲያወራ ሰማሁ፤ እኔም ራሴን ነቀነቅሁ።

አስቤበት አይደለም። ፈርቼ ነው የሸናሁት፤ ሱሪዬ መርጠቡንም ያወቅሁት ሰው ሲስቅ ነው።